ቆጣሪውን የሚያሮጠው ማነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቤትና መብራት

ኅዳር ከገባ ወዲህ ሁለት ዓይነት ደብዳቤ ይደርሰኛል። አንዱ «ካርድ አልበረክት አለኝ» ይላል። ሌላው «በረደን» ይላል። አብዛኞቹ የሚላኩት ከኮንዶሚኒየም ነው። አይገርምም። የጋራ መኖሪያ ቤቶቹ በ1990ዎቹ አጋማሽ ገርጂ ላይ በሙከራ ሲጀመሩ ጥያቄው «በርካሽና በፍጥነት እንዴት ይሠራ?» ነበር። መልሱም ብሎኬት፣ ኤልቲዜድ የሚባለው የብረት መስኮትና ቆርቆሮ ጣራ ሆነ። ምጣዱ የት ይሰካል፣ ሌሊት ምን ያህል ይበርዳል የሚለው ለነዋሪው ተተወ። እኔም የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ደግሞ የቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሳስተምር ነው። እስቲ የተወሰኑትን እንያቸው።

«እትዬ፣ ሁሉንም አምፖል ወደ ኤልኢዲ ቀየርኩ። የካርዱ ወጪ ግን ንቅንቅ አላለም። አምስት ነን፤ ምጣድ አለን፤ ባለ 80 ሊትር ቦይለር አለን። ቆጣሪው ተበላሽቶ ይሆን?»
*የካርድ እስረኛ፣ ከጀሞ*

ወንድሜ፣ ቆጣሪህ ጤነኛ ሳይሆን አይቀርም። መብራት ኃይልን ከመክሰስህ በፊት ፊቱ ቁምና ቀይዋን መብራት ተመልከት። ብልጭ ድርግም ትላለች። አጠገቧ ቁጥር ተጽፏል። 1000 የሚል ከሆነ፣ ሺህ ጊዜ ብልጭ ስትል 1 ኪሎዋት ሰዓት ተቆጠረብህ ማለት ነው።

አሁን ቤት ውስጥ የተሰካውን ሁሉ ንቀልና 6 አምፖል ብቻ አብራ። ባለ 9 ዋት ከሆኑ ቀይዋ መብራት በደቂቃ አንዴ ያህል ነው ብልጭ የምትለው። አምፖሎቹን አጥፋና ቦይለሩን ለብቻው አብራ። ባለ 1,500 ዋት ከሆነ በደቂቃ 25 ጊዜ። ቦይለሩን አጥፋና ምጣዱን ሰካ። ባለ 3,500 ዋት ምጣድ በደቂቃ 58 ጊዜ ያስቆጥርሃል፤ በየሰከንዱ አንዴ ማለት ይቻላል። ልጆቹንም ጥራና አሳያቸው። ከእኔ ምክር ይልቅ ያቺ ቀይ መብራት ታስተምራቸዋለች።

በወር እናስላው። ስድስቱ አምፖሎች በቀን 5 ሰዓት ቢበሩ በወር 8 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በሳምንት ሁለቴ እየጋገራችሁ እያንዳንዱ ጋገራ ወደ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ከፈጀ፣ ምጣዱ በወር 50 ገደማ ይወስዳል። ቦይለሩስ? 80 ሊትር ውሃ ከ18 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል። በቀን አንዴ ሙሉውን ከጨረሳችሁት በወር 120። ይህ ተሰክቶ ሲውል በግድግዳው የሚያባክነውን ሳይጨምር ነው። አየህ፣ አምፖሉን መቀየርህ ጥሩ ነው፤ ግን ሌባው የተቀመጠው ሻወር ቤት ነው።

ደንቡ ቀላል ነው። ብርሃን ርካሽ ነው፤ ሙቀት ውድ ነው። ቴሌቪዥን ጠፍቶ ሶኬት ላይ ቀረ ብላችሁ ልጆቹን አትቆጡ። የሚያሞቀውን ነገር ተከታተሉ።

ቦይለሩን ቀኑን ሙሉ አብርቶ መተው ይቅር። ባለ 1,500 ዋቱ 80 ሊትሩን ለማሞቅ 2 ሰዓት ተኩል ያህል ይበቃዋል። መታጠቢያ ሰዓታችሁን አቀራርቡና በተከታታይ ታጠቡ። ቴርሞስታቱ 75 ላይ ከሆነ ወደ 60 አውርደው፤ ውሃው በጋለ ቁጥር በበርሜሉ ግድግዳ የሚወጣው ሙቀትም ይበዛል። ሌላ የማይታይ ነገር ልንገርህ። ኩሽና ውስጥ እጅ ለመታጠብ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ስትከፍቱት፣ ሙቁ ውሃ ሳይደርሳችሁ ትዘጉታላችሁ። በቱቦው ውስጥ የቀረው ይቀዘቅዛል። ያልነካችሁትን ሙቅ ውሃ ከፈላችሁበት ማለት ነው። ለእጅ ቀዝቃዛውን ተጠቀሙ።

ውሃ በጠፋ ቀን ደግሞ የቦይለሩን ብሬከር አጥፋ። መግቢያው ላይ ያለው ቫልቭ ካልያዘ ውሃው ወደ ኋላ ይወርድና ማሞቂያው ባዶ በርሜል ውስጥ ይቃጠላል። ያቺ ጠብ ጠብ የምትል የደህንነት ቫልቭ አለች አይደል? አበሳጨችኝ ብለህ እንዳትደፍናት። የበርሜሉ መተንፈሻ እሷ ናት።

ይህን ሁሉ የምለው ታሪፉ እርከን ስላለው ነው። ብዙ በተጠቀምክ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሱ ይጨምራል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ እያደገ ለ4 ዓመት የሚዘልቅ የዋጋ ማሻሻያ ላይ ነን። ግድቡ ተመረቀ፣ መብራት ይረክሳል ብለህ እየጠበቅክ ከሆነ ቦይለሩን እያጠፋህ ጠብቅ።

«የበዓል ዋዜማ ስጋግር ምጣዱ አልግል ይላል። እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ ሊጡ ላይ አሳብቤ ደከመኝ። በአዘቦት ቀን ግን ሸጋ ነው። ምጣዴን ልቀይር?»
*የአብሲት ነገር፣ ከጎተራ*

ምጣድሽንም ሊጥሽንም ተያቸው። ዋዜማ ላይ ብሎኩ ሁሉ አንድ ላይ ይጋግራል፤ መብራቱ አቅም ያጣል። 220 ቮልት መሆን የነበረበት ወደ 180 ሲወርድ ባለ 3,500 ዋቱ ምጣድሽ የሚሰጥሽ 2,340 ዋት ገደማ ብቻ ነው። ቮልቴጁ የቀነሰው ከአምስት እጅ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ጉልበቱ ግን ሲሶውን አጣ። ምጣዱ ደግሞ በደንብ ጋለም አልጋለም ከሥሩና ከጎኑ ሙቀት ያፈሳል። ስለዚህ ረጅም ሰዓት ትቆሚያለሽ፣ ለአንዱ እንጀራም የበለጠ ትከፍያለሽ። ዋዜማን ሸሽተሽ ከሁለት ቀን በፊት ጋግሪ። ካልሆነም ሌሊት 11 ሰዓት ተነሺ። ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ያለውን ግን በአዘቦትም ቢሆን ተዪው።

ምጣድን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ማሟሟቂያውን ነው። ሸክላው እስኪግል ሩብ ሰዓት ቢፈጅ አንድም እንጀራ ሳይወጣ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሄዷል። 10 እንጀራ ጋግረሽ ብታቆሚም፣ 40 ብትጋግሪም ያችኑ ትከፍያለሽ። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ጊዜ በትንሽ በትንሹ መጋገር ኪስ ይጎዳል። ከጎረቤትሽ ጋር ተነጋግራችሁ አንድ ቀን አንቺ ቤት፣ አንድ ቀን እሷ ቤት ብትጋግሩ ማሟሟቂያው ለሁለት ይካፈላል። ሊጥ አቅርቢ፣ ማሰሻ አቅርቢ፣ ሰፌዱንም አዘጋጂ፤ ከዚያ ነው ምጣዱን የምትሰኪው። ምጣድ ሰክቶ ጎመን ዘር ፍለጋ ጎረቤት መሄድ የለም። የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራዎች ደግሞ ነቅለሽ በሸክላው ግለት አውጪያቸው።

አክንባሎው በደንብ ይገጥማል? ጠርዙ ላይ እንፋሎት በአንድ በኩል ብቻ የሚወጣ ከሆነ ወይ አክንባሎው ጠምሟል ወይ ምጣዱ ተንጋዷል። ይስተካከል።

አሁን የምለውን ግን ሁላችሁም አንብቡት። 3,500 ዋት ማለት 16 አምፔር ነው። ይህ በኤክስቴንሽን የሚሄድ ጭነት አይደለም። ጋግራችሁ ስትጨርሱ ሶኬቱን ንቀሉና የመሰኪያውን ፕላስቲክ በእጃችሁ ንኩት። ሞቅ ካለ እንጀራ መጋገሪያ ሁለት ሆኗል ማለት ነው፤ አንዱ ግድግዳ ውስጥ ነው። ቡኒ ከሆነማ አትጋግሩበት። ለምጣድ ከብሬከር ሳጥኑ ራሱን የቻለ ባለ 4 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ፣ ባለ 20 አምፔር ብሬከር፣ ከነኧርዙ (ከነመሬት መስመሩ) ይዘርጋ። ኧርዝ ያልኩት ለጌጥ አይደለም። እርጥብ እጅና ብረት አካል ያለው ምጣድ አንድ ላይ ናቸው።

«አራተኛ ፎቅ ነን። ቀን ጣራው እንደ ምድጃ ይፋጃል፤ ሌሊት ብርዱ አያስተኛም። ባለቤቴ ሂተር ልግዛ ይላል። እኔ ደግሞ የቡናውን ከሰል መኝታ ቤት እያስገባሁ አሳልፈዋለሁ። ማን ነው ልክ?»
*ሁለት ብርድ ልብስ የማይበቃት፣ ከየካ አባዶ*

እህቴ፣ ሌላውን ሁሉ ኋላ እንደርስበታለን። ከሰሉን ዛሬ ማታ አቁሚ። ከሰል ጭሱ አልቆ፣ ቀልቶ ፍም ሲሆን ነው ሰው «አሁን ደህና ነው» ብሎ የሚያስገባው። የሚገድለው ጋዝ ግን ያኔም እየወጣ ነው። ሽታ የለውም፤ ዓይን አያቃጥልም። ራስ ያዞራል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ከዚያ አያስነሳም። ቡናችሁን መስኮት ከፍታችሁ ጠጡ፤ ከሰሉን በረንዳ ላይ አጥፉት። ይህ ጉዳይ ድርድር የለውም።

ባለቤትሽ ደግሞ ልክ ነው ማለት ይከብደኛል። ባለ 2,000 ዋት ሂተር በማታ 4 ሰዓት ቢበራ 8 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በወር 240። የጀሞው ወንድማችን ቦይለር እጥፍ! በዚያ ላይ ሙቀቱ የት ይሄዳል? ወደ ላይ ወጥቶ በኮርኒሱ በኩል ለቆርቆሮው ይሰጣል።

ችግሩ ያለው ከራስሽ በላይ ነው። ቆርቆሮ ቀጭን ብረት ነው። ቀን ፀሐይ ሲመታው ወዲያው ይግላል፤ ያንን ሙቀት ወደ ኮርኒሱ ይጥለዋል። ማታ ሰማዩ ጥርት ሲል ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅና ከውጩ አየር እንኳ በላይ ይቀዘቅዛል። በክረምት ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ስለሚከላከል ይህ አይታይም። በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ግን ደመና የለም። ኮርኒሱን ቀና ብለሽ እዪው፤ ቺፑዱ ላይ ቡና የተደፋበት የሚመስሉ ክብ ክብ ነጠብጣቦች አሉ? ሰው ሁሉ ጣራው ያፈሳል ብሎ ቆርቆሮ ሠሪ ይጠራል። በበጋ የመጣ ከሆነ ግን ዝናብ አይደለም። ከቤት የወጣው እርጥበት የቀዘቀዘው ቆርቆሮ ሆድ ላይ ውሃ ሆኖ ተመልሶ የተንጠባጠበ ነው።

መፍትሔው ከኮርኒሱ በላይ ነው የሚነጠፈው። 5 ሳንቲሜትር የመስታወት ጥጥ፣ ነጋዴዎቹ ግላስዉል የሚሉት፣ በእንጨቶቹ መካከል ይዘረጋል። ነጩ ፎም ይረክሳል፤ ግን ይቀጣጠላል፣ ጭሱም መርዝ ነው። የኮንዶሚኒየም ጣራ ሥር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጎረቤት ጋር የተያያዘ ነው። እኔ ብሆን ፎሙን እተወዋለሁ። ከመነጠፉ በፊት ኤሌክትሪሺያን ይውጣና ሽቦዎቹን ይይ። በፕላስተር የተጠቀለለ መጋጠሚያ ካለ ሳጥን ውስጥ ይግባ። ሙቀት የሚያፍን ነገር ሥር ልቅ መጋጠሚያ መቅበር እሳት መቅበር ነው። በጣራው ጫፍ ያለውን የአየር መተላለፊያም እንዳይደፍኑት። ሠራተኛው ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ያድርግ፤ ጥጡ ቆዳ ይበላል።

ይህ ወጪ አለው፤ ለኮሚቴም መንገር ይጠይቃል። ዛሬ በትንሽ ገንዘብ የሚሠራው መስኮቱ ነው። ማታ ነፋስ ሲኖር እጣን አጭሺና ማጨሻውን በመስኮቱ ጠርዝ ቀስ ብለሽ አዙሪው። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደህና ነው። ወደ ውስጥ ከተጣመመ እዚያ ጋ ቀዳዳ አለ። ኤልቲዜድ መስኮት ላይ ሦስት ቦታ ታገኚዋለሽ። አንደኛው ተከፋቹ ከፍሬሙ ጋር የሚገጥምበት፤ ብረቱ በብየዳ ጊዜ ስለሚጣመም አንድ ጥግ ላይ ሁሌም ክፍት ይቀራል። ሁለተኛው መስታወቱ ዙሪያ ስቱኮው ደርቆ የረገፈበት። ሦስተኛው ፍሬሙ ከግድግዳው ጋር የተያያዘበት፤ ልስኑ ተሰንጥቆ ብዕር የሚያስገባ ክፍተት ያለበት ቤት አይቻለሁ። ለመጀመሪያው የሚለጠፍ ጎማ፣ ለሁለተኛው አዲስ ስቱኮ፣ ለሦስተኛው ሲሊከን። የላሜራው በር ሥርም አለ፤ እዚያ ጎማ ወይም የተጠቀለለ ጨርቅ። ኩሽናውን ግን አትድፈኑ። መተንፈስ አለበት።

መጋረጃሽን 12 ሰዓት ላይ ዝጊ፤ ጠዋት ፀሐይ ሲገባ ክፈቺ። ወፍራም ይሁን፤ እስከ ወለል ይውረድ። ለባለቤትሽ ደግሞ የሂተሩን ብር ለጥጡ እንዲያዋጣው ንገሪው። ጥጡ ካርድ አይበላም። ቀንም ይጠቅማችኋል።

«ፍራንክፈርት ያለችው እህቴ ያለችበትን ሕንጻ ከውጭ በወፍራም ፎም አልብሰውት የማሞቂያ ወጪዋ ቀነሰ። ለእኛ ብሎክ እንደዚያ ቢደረግ አትዪም?»
*ከቦሌ አራብሳ*

አልልም። ጀርመኖች የቤትን ሙቀት አጠባበቅ በመንግሥት ደንብ ማስገደድ የጀመሩት በ1977 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እነሱ ጋ ክረምቱን ሙሉ ማሞቂያው ቀን ከሌት ይሠራል። ግድግዳውን ስታለብሰው የሚቆጠበው ያ ሁሉ ነዳጅ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ብርዳችን የሌሊትና የማለዳ ነው። ቤታችንን አናሞቅም። የማይሞቅ ቤት ብታለብስ ምቾት ታገኛለህ እንጂ ከሂሳብ የሚቀነስ ነገር የለም። ያ ሁሉ ገንዘብ ካለ ጣራው ይቅደም። ከተረፈ መስኮቱ። የውጭ ግድግዳው በጥሩ ቀለም ዝናብ እንዳያስገባ ከተደረገ ለእኛ ይበቃዋል።

«መኝታ ቤቱ ጥግ ላይ ሻጋታ አለ። ቀለም ቀባሁት፤ በወሩ ተመለሰ።»
*ከቱሉ ዲምቱ*

መስኮትህ ወደ ሰሜን ነው የሚያየው ብዬ እገምታለሁ። ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ ያ ግድግዳ ፀሐይ አያገኝም። ጥጉ ላይ ያለው ደግሞ የኮንክሪት ኮለን (ምሰሶ) ነው፤ ከብሎኬቱ በላይ ይቀዘቅዛል። የቤቱ እርጥበት ሄዶ እዚያ ያርፋል። ቁምሳጥኑን ከግድግዳው አንድ ጣት ሙሉ ሳይሆን አንድ መዳፍ ሙሉ አርቀው። ልብስ ውስጥ አታድርቅ። ጠዋት ሁለት መስኮት ትይዩ ከፍተህ 10 ደቂቃ አየር አስገባ። ሻጋታውን በበረኪና ጠርገህ፣ አድርቀህ ነው የምትቀባው። እድፉ በክረምት ብቻ የሚሰፋ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ዝናብ ከውጭ እየገባ ነውና ስንጥቁን ከውጭ አስደፍን።

«የብሎክ ኮሚቴ ነን። የጋራው ቆጣሪ ሂሳብ ወገባችንን ሰበረው፤ ፓምፑና የደረጃው መብራት ናቸው። ነዋሪው አዋጥቶ ጣራ ላይ ሶላር እንግጠም ወይ ተባብለን ሁለት ተከፈልን። አንዳንዱም በግሉ የሶላር ቦይለር ልስቀል ይላል።»
*ከሰሚት*

ሁለት ከመከፈላችሁ በፊት ፓምፑ ጋ ውረዱ። ምሽት ላይ ጣራው ላይ ያለው ሮቶ ሞልቶ ፓምፑ ሲቆም አንዱ ጆሮውን ከቱቦው ላይ ይለጥፍ። የሚወርድ ውሃ ድምፅ ከሰማ ቼክ ቫልቩ አልቋል። ላይ የወጣው ውሃ ተመልሶ ወደ ታች ይገባል፤ ፓምፑም ያንኑ ውሃ መልሶ ያወጣል። ቫልቩ ከሶላሩ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ኢምንት ነው። ቀጥሎ ሮቶው ላይ ያለውን ተንሳፋፊ ማቆሚያ እዩ። ካልሠራ ውሃው በትርፍ መውጫው እየፈሰሰ ፓምፑ አያቆምም፤ ጠዋት ጣራው ሥር ያለው መሬት እርጥብ ከሆነ ተገኘ ማለት ነው። ሦስተኛ፣ በየቤቱ የመጸዳጃ ቤት ገንዳ ማፍሰስ። ሽንት ቤት ገንዳ ውስጥ ቀለም ያለው ነገር፣ ለምሳሌ ትንሽ የቡና ውሃ፣ ጨምሩና ሩብ ሰዓት ሳትለቁ ጠብቁ። ታች ከታየ ያፈስሳል። ፓምፕ የሚያስሮጠው ይህ ሁሉ ነው።

የደረጃው መብራት እንቅስቃሴ ሲያይ ብቻ የሚበራ ይሁን። ቀን በርቶ የሚውል የደረጃ አምፖል እዚህ ከተማ ውስጥ ስንት እንዳለ ሳይ እናደዳለሁ። የማንም ስላልሆነ ማንም አያጠፋውም።

ይህን አድርጋችሁ ሂሳቡ ካልወረደ ስለ ሶላር እናውራ። ጣራው የጋራ ነው። አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ ሕንጻ ባለቤትነትን ሲደነግግ ከየቤቱ ውጭ ያለውን የሕንጻ ክፍል የሁሉም አድርጎታል። አራተኛ ፎቅ ያለው ሰው «ከራሴ በላይ ነው» ብሎ ብቻውን የሚሰቅልበት አይደለም። ማኅበሩ ይወስን፣ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ የማን ወጪ የማን ጥገና እንደሆነ ይጻፍ።

የሶላር ቦይለርን በተመለከተ ሁለት ነገር አስቡ። ባለ 200 ሊትሩ ውሃው ብቻ 200 ኪሎ ነው። የቆርቆሮው ጣራ እንጨት ወይም ብረት ይህን እንዲሸከም አልተሠራም፤ ጭነቱ ወደ ኮንክሪቱ የሚወርድበት ማቆሚያ መሐንዲስ ያሳይ። ሁለተኛው የውሃ ፈረቃው ነው። የመስታወት ቱቦ ያለው ዓይነት ውሃ ጠፍቶ ባዶውን ፀሐይ ላይ ከዋለ ይግላል። ቀትር ላይ ውሃ ሲመጣ ቀዝቃዛው ይገባና ቱቦው ይሰነጠቃል። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር ከቦይለሩ በላይ ሁሌ ውሃ የሚይዝ ሮቶ ከሌለ አልመክርም። ካለ ግን ከበጋው ፀሐያችን የተሻለ ማገዶ የለም። በሐምሌና በነሐሴ ኤሌክትሪኩ ያግዘዋል።

ለደረጃው መብራት ብቻ ከሆነ ትንሽ ፓኔልና ባትሪ ይበቃል፤ መብራት ሲጠፋም ደረጃው ላይ ሰው አይወድቅም። ፓምፑን በሶላር ማስነሳት ሌላ ወጪ ነው። እሱን ቫልቩ ከተቀየረ በኋላ እንነጋገርበት።

«ተከራይ ነኝ። አከራዬ አንድ ሚስማር እንኳ አያስመታኝም። ሳሎኑን ደግሞ ለደባል ሰጥቼ በአንድ ቆጣሪ ነን፤ በካርድ ሂሳብ በየወሩ እንጣላለን።»
*ከአያት*

ሚስማር የማይፈልገውን ሥራ። የሚለጠፍ ጎማ ስትወጣ ይላጣል። ወፍራም መጋረጃ ይዘህ ትሄዳለህ። ምጣድም የራስህ ነው። ሶኬቱ የሚሞቅ ከሆነ ግን ለአከራይህ ፎቶ አንስተህ ላክለት፤ ቤቱ ሲቃጠል የሚያጣው እሱ ነው። ይህን ሲሰማ ብዙ አከራይ ኤሌክትሪሺያን ሲጠራ አይቻለሁ።

የካርዱ ጠብ ግን ከሁለታችሁም አይደለም። ሁለት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ፍጆታው ይደመርና ሁለታችሁም ውዱ እርከን ውስጥ ትገባላችሁ። ብቻህን ብትሆን ትከፍለው ከነበረው ዋጋ በላይ ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ትከፍላለህ። «እኩል እንካፈል» ያልከው ለዚህ ነው የማይዋጥልህ። ወደ ደባልህ ክፍል በሚሄደው መስመር ላይ ኤሌክትሪሺያን ትንሽ የግል ቆጣሪ ይግጠም፤ ካርድ በሞላችሁ ቁጥር ሁለቱን ቁጥር በአንድ ቀን ጻፉ። የቦይለሩና የምጣዱ ድርሻ በተናጠል ይሰላ፤ ማን ስንት እንጀራ እንደጋገረ ወረቀት ላይ ይስፈር። ደባልህ ስቶቭ በሳሎን ሶኬት ላይ እየሰካ ወጥ የሚሠራ ከሆነም አሁን ይታያል።